ፈቃድ ሳትጠይቅ የወጣችው ሸክላ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባሮ ዳር ተቀምጠን ከአንዱ ጓደኛችን ስልክ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ስንሰማ ክርክር ተነሣ። «ይህ እኮ ዘፈን ብቻ ነው፤ ምን ታሪክ አለው?» አለ አንዱ። እኛ ደግሞ አለው እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ድምፃውያኑም ቢሆኑ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ። ዓለማየሁም ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ፣ ኤልቪስን አብዝቶ የሚወድ ወጣት ነበር። የሮክ ዜማ በጆሮው፣ አማርኛ በአፉ!

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የነበረው ዐምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ የውጭ ሸክላ ሲሸጥ አንድ ነገር ታዘበ፦ የራሳችን ዘመናዊ ዘፈን በሸክላ የለም ማለት ይቻላል። ባለመብቱ አያሳትም፣ ሌላው እንዳያሳትም ተከልክሏል። እንግዲህ ምን ይደረግ? ዐምሃ እስር ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ በ1969 «ትማርኪያለሽ»ን በአንድ ገጽ፣ «ያ ታራ»ን በሌላው አድርጎ ውጭ አገር አሳተመ። ሸክላዋ ተወደደች፤ አሳታሚውም አልታሰረ። ከዚያ በኋላ ዐምሃ ሬኮርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። ደርግ ሲመጣ ዐምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም መልሶ አሰማ። ዐምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 አረፉ።

ይህ ለእኛ ለጋምቤላ ልጆች ምናችን ነው? ከተማችን በ1902 ውል ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ስትልክ የኖረች ናት። ዕቃው ወጣ፤ ድምፃችንስ? የአኙዋክና የኑዌር አረጋውያን የሚያውቁትን ዘፈን ዛሬ ለመቅዳት አዋጅ አያግደንም፤ መሣሪያውም በየኪሳችን አለ። የጎደለው እንደ ዐምሃ «ማንም ካላደረገው እኔ አደርገዋለሁ» የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን አስዘፍኑ፤ የዘፋኙን ስምና የቀዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ነገ «ማን ነበር የዘፈነው?» ከማለት ይሻላል።