በ1970 ዓ.ም. አምስት ዓመት የሞላው ልጅ

የጅግጅጋ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በጦር አዝማችና በድንበር ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. መግቢያ ከተማዋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን የኢትዮጵያና የኩባ ሠራዊት መልሶ ያዛት። ድሉ በካራማራ ስም በየዓመቱ ይዘከራል። በዚያው ጦርነት ከጅግጅጋ፣ ከኤረርና ከሽንሌ ዙሪያ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ሶማሊያ የተሰደደው ሕፃን ግን የሚታሰብበት ቀን የለውም።

አምስት ዓመቱ ነበር እንበል። በስደተኛ ሰፈር በእርዳታ እህል አደገ። በ1980 ዓ.ም. የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች የሰሜኗን ከተማ ሐርጌሳን ሲደበድቡ ዐሥራ አምስት ሞላው። በጥር 1983 ዓ.ም. የባሬ መንግሥት ሲወድቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ልጁም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ግመልም ፍየልም ሳይኖረው፣ እምብዛም ወደማያስታውሰው አገር ገባ።

ለሐኪም ይህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ይናገራል። የሌለ ድምፅ የሚያሰማው፣ ጎረቤትን ጠላት የሚያስመስለው ሳይኮሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዐሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ ነው። ፊሊፖ ቫሬዜና ባልደረቦቹ በርካታ ጥናቶችን አጠቃልለው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሥራ፣ በልጅነት ጥቃት ወይም ችላ መባል ከሳይኮሲስ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳዩ፤ በሕመሙ የመያዝ ዕድል ንጽጽሩ 2.8 እጥፍ ያህል ነበር። እርግጥ ነው፣ መከራ ካየው ልጅ አብዛኛው አይታመምም። የመጀመሪያ ምልክት ከታየባቸው ወጣቶችም ወደ ሙሉ ሕመም የሚሸጋገሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ሆኖም ሳይሸጋገሩ የቀሩትን ጭምር ድብርትና ጥርጣሬ ለዓመታት ሲከተሏቸው፣ ትምህርትና ሥራም ሲያከብዱባቸው ይታያል።

ድንበሩን በተቃራኒው አቅጣጫ የተሻገሩ ልጆችም ነበሩ። ከሐርጌሳ የሸሹት በ1980 ዓ.ም. ከጅግጅጋ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ሃርትሼክ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ውሃ በቦቴ ይጫንላቸው ነበር። ሰፈሩ በአንድ ወቅት ከሩብ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይዞ ከዓለም ትልቁ የስደተኛ መጠለያ ተብሏል። በ1981 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ስከርቪ ገባ፤ ከቫይታሚን ሲ እጦት የሚመጣ፣ ድድን የሚያደማ፣ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ነው። ሕፃናቱም ከስተው ነበር። ረሃብ ደግሞ አእምሮን ከማኅፀን ጀምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በኔዘርላንድስ ረሃብ በከፋባቸው ወራት የተፀነሱ ልጆች ሲያድጉ የሳይኮሲስ ዓይነት በሆነው በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ሃርትሼክ እስከ 1996 ዓ.ም. አልተዘጋም፤ በተመሠረተበት ዓመት እዚያ የተወለደ ልጅ መዝጊያው ላይ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሁርሶ ግን ሌላ ታሪክ ተሰማ። ተመራማሪዋ ክርስቲና ዛሮውስኪ ከሶማሊያ ከተመለሱት ሰዎች መካከል ተቀምጣ ስትጠይቅ፣ ስለተጎዳ አእምሮ ሳይሆን ስለተነጠቀ መሬት፣ ስላለቀ ከብትና ስለተነፈገ ፍትሕ ነገሯት። ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ሰዎቹ ልክ ናቸው፤ የተቀማን ሰው በሽተኛ ብቻ ብሎ መሸኘት በደሉን መሸፈን ነው። ነገር ግን ስለመሬቱ አጥርቶ መናገር የሚችለው አዋቂው ነው። በዚያው ጎጆ ጥግ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣው ልጅ የበደሉን ሌላ ግማሽ ተሸክሟል፤ እሱን የሚጠይቅ ደግሞ ጠፍቷል።

ሕመሙ ሲገለጥ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሼኹ ነው፤ ቁርዓን ይቀራል። በሽተኛው ከበረታ በሰንሰለት ማሰርም ነበር፤ ጭካኔ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ ያጣ ቤተሰብ ያደረገው ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሐረርጌ ደጋ ተነስቶ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚነጉደው ጫትም የራሱ ድርሻ አለው። ሚካኤል ኦደንቫልድና ባልደረቦቹ በሐርጌሳ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳተሙት፣ ከባዱ የአእምሮ ሕመም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ በርትቶ ነበር፤ ሕመምተኞቹም ጫት የጀመሩት ከጤነኞቹ ቀደም ብለው፣ የሚቅሙትም አብዝተው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተፈናቀሉ ሶማሌዎች በባቢሌና በጅግጅጋ መካከል ቆሎጂ ሰፈሩ። ያኔ አምስት ዓመት የነበረ ልጅ አሁን በዐሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከትምህርት መቅረት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሹክሹክታ መስማት ከጀመረ የሚጀምረው በነዚህ ዓመታት ነው። አስተማሪውና የጤና ጣቢያው ነርስ «ከየት ተፈናቀልክ? ስንት ዓመትህ ነበር? ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» ብለው ሊጠይቁት የሚገባውም አሁን ነው።