ከጁገል ድንጋይ እስከ ደቻቱ አሸዋ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በሐረር ከተማ መካከል ያለውን የፈረስ መጋላን አደባባይ የማያውቅ ጥቂት ነው። መጋላ በሐረሪዎች ቋንቋ ገበያ ማለት ሲሆን፥ ስሙም በስፍራው ይቆም የነበረውን የፈረስ ገበያ ያስታውሳል። ከዚህ አደባባይ ወደ ጥንቶቹ አምስት በሮች በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት፥ የቀድሞው ሰው በምን ይሠራ እንደ ነበረ ይረዳል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጁገል ግንብ የድንጋይና የጭቃ ሥራ ነው። የነባሮቹም ቤቶች ግድግዳ እንዲሁ ነው፤ ጣሪያቸውም እንጨት ተረብርቦ አፈር የተደለደለበት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ሲሚንቶ ከመጣ ወዲህ ነው። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያም ወዲህ ከተሞች በሰፉ መጠን ግንበኛው ፊቱን ወደ ወንዝ መለሰ። ይኸውም ኮንክሪት ከሚባለው ነገር ከ10 እጅ 6 ወይም 7 እጁ አሸዋና ጠጠር ስለ ሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚገምተው፥ ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል።

መቼም ብዙ ሰው የወንዝ ጠጠር ባለቤት የሌለው ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ጠጠር ለወንዝ ሥራ አለው። በመጀመሪያ፥ የጎርፉን ጉልበት ያበርዳል። ሁለተኛ፥ ውሃውን ያጣራል። ሦስተኛ፥ በቅንጣቶቹ መካከል ውሃ ያከማቻል፤ በበጋ ላዩ ደርቆ የሚታየውን ወንዝ ሴቶች በእጃቸው ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት ስለዚህ ነው። ጠጠሩ ከመጠን በላይ በወጣ ጊዜ ግን የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል፤ ጉድጓዱም በየክረምቱ ወደ ላይኛው ተፋሰስ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ዳርቻው ይናዳል፤ የገበሬው ማሳ በወንዙ ይበላል፤ የአካባቢውም የጉድጓድ ውሃ ይርቃል።

የውሃ መራቅ ምን እንደ ሆነ ለሐረር ሰው መንገር አያሻም። ከተማው ይጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ከደረቀ በኋላ፥ ውሃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በቧንቧ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እንዲመጣ ግድ ሆኗል። ሐይቁን ያደረቀው ሌላ ምክንያት ቢሆንም፥ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ውሃ ሲሸሽ መልሶ ማምጣቱ ብዙ ያስወጣል።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ለምሥራቁ አገር የማይረሳ ወር ነው። በዚያ ወር ጁገል በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ወር፥ ለ30 አጥቢያ ሌሊት፥ ከደጋው የወረደው የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። ይህን ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ቆፋሪ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ የተራቆተው ተራራና በወንዙ ዳር የተሠራው ቤት ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ደረቅ አሸዋ መስሎ የሚታየው ስፍራ የወንዙ ርስት መሆኑን ያ ሌሊት አስተምሮናል። በፖርቱጋል አገርም በ1993 ዓ.ም. የዶውሮ ወንዝ ድልድይ ፈርሶ 59 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ ለብዙ ዓመታት የወጣው አሸዋ የድልድዩን እግር እንዳራቆተው ተመስክሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ቁፋሮው ፈጽሞ ይቅር ማለት አይደለም። አካፋ ይዞ የሚውለው ወጣት እንጀራው ከዚያ ነው፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ያለ ጠጠር አይሠራም። አዋጅም አልጠፋም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ወጥተዋል። የቀረው ፈቃዱን የሚፈርመው ሹም ከጠረጴዛው ተነሥቶ ስፍራውን ማየቱ ነው። ቁፋሮው ከድልድይና ከዳርቻ ምን ያህል እንደ ራቀ፥ ምን ያህል እንደ ጠለቀ፥ ክረምት ያመጣው ደለል የተወሰደውን ይተካ እንደ ሆነ ይመርምር። ሥራው ሲያልቅም ጉድጓዱ ይደልደል፤ ክፍት የቀረ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ለሕፃናት መስመጫ፥ ለወባ ትንኝም መራቢያ ይሆናልና።

የጁገልን ግንብ የሠሩት ሰዎች ለልጅ ልጅ የሚቆይ ድንጋይ ትተውልናል። እኛም ፎቁን ስናወርስ ወንዙን አብረን እናውርስ።