የተነቀለ ሐዲድ ምን ያወራል?

የባቡር መንገድ ሐዲዱ ተነቅሎ ቢወሰድ እንኳ ቶሎ አይጠፋም። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገቱን ቀጥ ብሎ አይወጣም። ስለዚህ መንገዱን የሚሠሩ ሰዎች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ ወንዙን በድልድይ አሻግረው ነው የሚያሳልፉት። ብረቱ ቢሄድም የተቆረጠው ኮረብታ ተመልሶ አይገጥምም። ይህን ምልክት የሚያነብ ሰው ከተገኘ፣ መስመሩ ለምን እንደ ተሠራና ለምን እንደ ተተወ ይነግረዋል። እኔ ለዚህ ምስክር አድርጌ የምጠራው ከምጽዋ ተነሥቶ በአሥመራና በከረን በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ ያመራ የነበረውን መስመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከዶጋሊ ይጀምራል። በ1887 መጀመሪያ ላይ ራስ አሉላ ወደ ሰዓጢ ምሽግ ለእርዳታ ይገሰግስ የነበረውን ወደ 500 የሚጠጋ የኢጣሊያ ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ኢጣሊያኖች ከዚህ ሽንፈት በኋላ በዚያው ዓመት ከምጽዋ ወደ ሰዓጢ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1888 27 ኪሎ ሜትሩ ተጠናቀቀ። ዐፄ ዮሐንስ በ1888 ሠራዊታቸውን አስከትተው ሰዓጢ ድረስ ሲወርዱ የጠበቃቸው በባቡር ስንቅና ጥይት የሚደርሰው ምሽግ ነበር፤ ሳይዋጉ ተመለሱ። ለመመለሳቸው የደርቡሾች ወረራና የምኒልክ ነገርም ምክንያት ሆነዋል። ይሁንና ያ አጭር ሐዲድ የንግድ ዕቃ ከመጫኑ አስቀድሞ የጦር መሣሪያ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው አዝጋሚ ነበር። የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1896 ሐዲዱ ገና ከሰዓጢ ብዙም አልራቀም። አሥመራ የደረሰው በ1911 ሲሆን፣ በ118 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቢሻ ደረሰ። ዓላማው ኢጣሊያኖች የጥጥ እርሻ ያቋቋሙበትን የተሰነይን አካባቢ መድረስ ነበር፤ ሆኖም ሐዲዱ ቢሻ ላይ ቆመ።

በ1941 እንግሊዞች ከሱዳን ሲመጡ ኢጣሊያኖች ከረን ላይ ከሃምሳ ቀናት ያላነሰ ጊዜ ተከላከሏቸው። መኪናውም ባቡሩም የሚያልፉት በዚያው በዶንጎላስ ሸለቆ በመሆኑ፣ በሐዲዱ አጠገብ ያሉት ጉብታዎች በመጨረሻው ውጊያ ቁልፍ ቦታዎች ሆኑ። ኢጣሊያኖች ለንግድ የቆረጡት ተራራ ለጠላታቸው መግቢያ ሆነ ማለት ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ባቡሩ ከአቆርዳት አላለፈም። ከምጽዋ እስከ አሥመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ዕቃ ያመላልስ የነበረውን የአየር ላይ ገመድም እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት።

የቀረውን ያጠፋው የእኛው ዘመን ጦርነት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ ሥራ አቆመ። ሐዲዱና ሐዲዱን የሚሸከሙት የብረት አግዳሚዎች በሁለቱም ወገን ተዋጊዎች እጅ እየተነቀሉ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆኑ። ምሽግ ለሚቆፍር ወታደር ከዚህ የተሻለ ብረት ከወዴት ይመጣል? ከዶጋሊ በኋላ ለምሽግ ስንቅ ለማድረስ የተዘረጋው ሐዲድ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ ራሱ ምሽግ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ምፀት ማግኘት ይቸግራል።

ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኤርትራ ነፃነቷን በ1993 ካወጀች በኋላ፣ በጡረታ ላይ የነበሩ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ሥራ ጀመሩ። ብረቱን ከየምሽጉ አስለቅመው፣ የ1930ዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ጠግነው፣ በ2003 ሐዲዱን አሥመራ አደረሱት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። የተቆረጠው ተራራና ድልድዩ ስፍራውን ይዘው ቆይተው ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ድንጋይ ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር። ከአሥመራ ወደ ከረንና ወደ አቆርዳት የሚሄደው ቅርንጫፍ ግን ዳግም አልተሠራም። ከእርሱ የቀሩት ድልድዮች፣ ዋሻዎችና አሮጌ የጣቢያ ሕንፃዎች ናቸው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ሐዲድ የተተወው በጦርነት ሳይሆን በእርጅና ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1,000 ስለሆነ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ብዙዎቹ አዳዲስ ጣቢያዎችም ከከተሞች ወጣ ብለው ተሠርተዋል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ጣቢያዎችና ባቡር ተራ ይጠብቅባቸው የነበሩ የጎን ሐዲዶች ከመሐል ከተማ ያለ ሥራ ቀሩ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ታክሲ ተሳፋሪ ግን ትርጉሙን ላያውቀው ይችላል።

አሮጌው ሐዲድ ሁሉ ይጠበቅ፣ ምንም አይነካ አልልም። ከተማ ያድጋል፤ ብረትም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ከመነቀሉ በፊት ግን የት እንዳለፈ በካርታ ላይ ይስፈር፤ እያንዳንዱ የጎን ሐዲድ ምን ይጫንበት እንደ ነበር ከሠሩበት ሰዎች አንደበት ይጻፍ። የምጽዋን መስመር የመለሱት ሰዎች ለመጠየቅም ለመሥራትም የደረሱት በሕይወት ስለ ነበሩ ነው። የእኛም የባቡር ሠራተኞች እያረጁ ነው። የተቆረጠ ኮረብታ ብዙ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚያነበው ሰው ግን ያን ያህል አይጠብቀንም።