ፈረስና ታቦት በጃን ሜዳ

ፈረስ ለመንፈሳዊ ነገር ባዕድ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ አለ። አሳቡም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ነቢዩ ዳዊት በሠረገላና በፈረስ የሚታመኑትን በእግዚአብሔር ስም ከሚታመኑት ለይቶ አሳይቷል፤ ፈረስ ሰውን ለማዳን ከንቱ እንደ ሆነም በሌላ መዝሙሩ ተናግሯል። ጌታችንም ወደ ኢየሩሳሌም በክብር በገባ ጊዜ የተቀመጠው በአህያ ላይ እንጂ በፈረስ ላይ አልነበረም። በኢትዮጵያም የቆየ ልማድ ካህን መንገድ ሲሄድ በበቅሎ ይቀመጥ ነበር እንጂ የጦር ፈረስ አይጋልብም። መኳንንቱ እንኳ ለጉዞ በበቅሎ ተቀምጠው ፈረሱን በስተኋላቸው ያስስቡ ነበር፤ በቅሎ የሰላም ቀን፥ ፈረስ የጦር ቀን ነውና።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጥምቀት በደረሰ ጊዜ ፈረሰኛው ለምን ታቦት ከሚያርፍበት ሜዳ ይገኝ ነበር? በቤተ ክርስቲያንስ ግድግዳ ላይ ፈረስ ለምን ተሣለ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘውን ጃን ሜዳን መመልከት ይበቃል፤ ታቦትና ፈረስ በአንድ መስክ ላይ ለብዙ ዘመን የተገናኙበት ስፍራ ነውና።

በመጀመሪያ ግን ከመጻሕፍት መጀመር ይገባል። ፈረስን የነቀፈው መጽሐፍ ፈረስን ደግሞ አክብሮታል። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ራሱ ስለ ፈረስ ኃይልና ድፍረት ይናገራል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም ሰው አንደበቱን እንዲገዛ ሲያስተምር ምሳሌውን ያመጣው ከፈረስ ልጓም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የነቢዩ ዘካርያስ ቃል ነው። በኦሪት ዘፀአት ካህኑ አሮን በግንባሩ ላይ በሚያደርገው የወርቅ ቅጠል ለእግዚአብሔር የተቀደሰ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት እንዲቀረጽ ታዘዘ፤ ዘካርያስም በትንቢቱ መጨረሻ ያው ጽሕፈት በፈረስ ሻኵራ ላይ እንደሚጻፍ ተናገረ። በካህን ግንባር ላይ የነበረው ቅድስና ወደ ፈረስ አንገት ወረደ ማለት ነው። ትርጓሜውም ሩቅ አይደለም፤ የሚነቀፈው በፈረስ መታመን እንጂ ፈረስ አይደለም። ለትዕቢት ይሮጥ የነበረው እንስሳ ጌታውን ባወቀ ጊዜ ለምስጋና ይሮጣል።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ይህን ምሥጢር በቀለም ገልጠውታል። ወደ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የገባ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ፈረሰኞች ሰማዕታትን ያያል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፥ ብሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት፤ ቅዱስ መርቆሬዎስም በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ዑልያኖስን ሲጥል ይታያሉ። በላስታም ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ጊዮርጊስን ለሚሳለም ሰው ቅዱሱ በፈረስ ሆኖ ወደ ንጉሥ ላሊበላ በመጣ ጊዜ ፈረሱ ረግጦታል የተባለውን የኮቴ ምልክት ዛሬም ያሳዩታል። በጎንደር ደግሞ የጥምቀት በዓል ከሚከበርበት ከዐፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ጉልላት ያለው አነስተኛ ሕንፃ አለ፤ የአገሬው ሰው ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው ይላል። የጥምቀቱ ውኃና የፈረሱ መታሰቢያ በአንድ ሰፈር መገኘታቸው ለሚያስተውል ሰው ከንቱ አይደለም።

ቋንቋውም ራሱ ምስክር ነው። በአማርኛ «አባ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንዱ ዓለምን የናቀው መነኵሴ፥ ሁለተኛው በፈረሱ ስም የሚፎክረው ጦረኛ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። ከመኳንንቱም ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ነበሩ። ባለቅኔ ሰሙንና ወርቁን እንደሚለይ እነዚህን ሁለቱን «አባ» ቢመረምር አንድ ነገር ያገኛል፤ መነኵሴው የገዛ ሥጋውን በጾም ልጓም ይገዛል፥ ፈረሰኛው የፈረሱን ጕልበት በብረት ልጓም ይገዛል። ሁለቱም አባት የተባሉት የሚገዙት ነገር ስላለ ነው፤ መግዛት ያቃተው ግን ከኮርቻውም ከቆቡም ይወድቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት በተደረገ ጊዜ ቀኑ ወር በገባ በ23 የሚታሰበው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበረ። የቅዱሱም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። በዚያን ቀን ካህናቱ በጸሎት፥ ፈረሰኞቹ በጦርና በጋሻ አንድ አገር ጠበቁ። ዐፄ ምኒልክም ከድል በኋላ በአዲስ አበባ በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ክብር አሠሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በፈረሰኛው ሰማዕት ቤት ነው።

ጃን ሜዳ ከአራዳ በስተምሥራቅ፥ ከስድስት ኪሎ አልፎ ወደ የካና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው አቅጣጫ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ስሙንም ከ«ጃንሆይ ሜዳ» እንዳገኘ ይነገራል። በዚያ ወገን ያለው አገር ሁሉ፥ የካም ቦሌም፥ ከተማ ሳይገባው በፊት የኦሮሞ ባላባቶችና ፈረሰኞች መስክ ነበረ፤ ጥቁሩን ፈረስ ዛሬም አማርኛ ተናጋሪው «ጉራቻ» እያለ የሚጠራው ቃሉን ከእነርሱ ተቀብሎ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለውጭ አገር መልእክተኞች በዚያው በምሥራቅ በኩል ቦታ ከሰጡ በኋላ፥ ጃን ሜዳ የቤተ መንግሥቱም፥ የመኳንንቱም፥ የእንግዶቹም መገናኛ ሆነ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት ነበር፤ የጦር ሠራዊትም ይሰለፍበት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የጥምቀት ሜዳ ነው።

ጥር 10 ቀን ከተራ ይባላል፤ ስሙም ውኃ መከተርን፥ ማለት መገደብን ያመለክታል። በዚያ ቀን ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው በካህናት ራስ ላይ ሆነው፥ ከበሮና ጽናጽል እየተመታ፥ ሕዝቡም እልል እያለ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ በድንኳንም ያድራሉ። ጥር 11 ቀን ሌሊቱን ማሕሌት ተቁሞ፥ ቅዳሴ ተቀድሶ፥ ሲነጋ ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን አንድ ቀን ጨምሮ ጥር 12 ቀን ይመለሳል። ፈረሰኞቹም ታቦቱን አጅበው ከመጡ በኋላ በሜዳው ጉግስ ይጫወቱ ነበር። በጉግስ ከሁለት ወገን አንዱ ይሸሻል፥ አንዱ ያባርራል፤ የሚያባርረው ዘንግ ይወረውራል፥ የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ጥቂት ቆይቶ ሸሺው አባራሪ ይሆናል። ጦር መሣሪያው ወደ ጨዋታ፥ ጠላትነቱ ወደ ወዳጅነት የተለወጠበት ትዕይንት ነው። ማታ በአንድ ድንኳን የሚበሉ ሰዎች ቀን በሜዳ ላይ ይባረራሉ፤ ስለዚህ ጉግስ ለወጣቱ የጦር ትምህርት ብቻ ሳይሆን ቍጣን በልክ የመያዝ ትምህርት ነበረ።

በሌላ አገርም ፈረስ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚቀርብበት ልማድ አለ። በጣልያን አገር በሲዬና ከተማ የታወቀው የፈረስ እሽቅድምድም ከመደረጉ በፊት ፈረሱ ወደ ጸሎት ቤት ገብቶ በካህን ይባረካል። በኢትዮጵያ ግን ሥርዐቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፈረሱ ወደ መቅደስ አይገባም፥ ታቦቱ ራሱ ፈረሱ ወደሚሮጥበት መስክ ይወጣል። ይህም ከበዓሉ ምሥጢር ጋር ይስማማል፤ ጌታችን የተጠመቀው በቤተ መቅደስ ውስጥ አይደለም፥ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ነው፤ ያጠመቀውም ዮሐንስ የበረሃ ሰው ነበረ። ስለዚህ በጥምቀት ቀን ሰማዩ ጣራ፥ ሣሩ ምንጣፍ ይሆናል፤ ባለጸጋና ድኻ፥ የከተማ ሰውና ባላገር ያለ በርና ያለ አጥር በአንድነት ይቆማሉ።

የፈረስ ስምና የክርስትና ስም እንዴት እንደሚስማሙ በምሥራቅ አዲስ አበባ በየካ በኩል የሚያልፈው የፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ጎዳና ያስረዳል። በእናቲቱ በእመቤታችን ፍቅርና በፈረሱ ስም በአንድነት የተጠራው ይህ ደጃዝማች በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች በፋሽስት ተይዛ የነበረችውን አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባጠቁ ጊዜ ከመሪዎቹ አንዱ ነበረ። በዚያው ሰሞን፥ ሐምሌ 22 ቀን፥ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት ጥይት በሰማዕትነት ዐረፉ። ጳጳሱና ፈረሰኛው በአንድ ወር ስለ አንድ ነገር መቆማቸው ሁለቱን «አባ» በሥራ አስተባበራቸው።

የፈረሰኛው ልማድ በከተማ ቢደክምም በገጠር አልጠፋም። በአዊ ምድር በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ማኅበርተኞቹ በዐድዋ ከጀግኖቹ ጋር የወደቁትን ፈረሶች ያስባሉ፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሳቸውን አስጊጠው በሜዳ ይሰበሰባሉ። ይህ ማኅበር ሰውን በደስታና በኀዘን የሚያገናኝ፥ የተጣላንም የሚያስታርቅ ነው። የጽዋ ማኅበር በቤት ጠላና ዳቦ ዙሪያ እንደሚሰበሰብ፥ እነርሱ በፈረስ ዙሪያ ይሰበሰባሉ።

በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በ1950ዎቹ ዓመታት የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ባለመብቃቱ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ሜዳ ተሠራ፤ ከዚያም በኋላ ከተማው ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ሄደ። ፈረስ ይግጥበት የነበረው መስክ ዛሬ ሕንፃና አስፋልት ነው። ታላቁ የቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራልም በዚያ ቆሞ የምሥራቁን ሕዝብ ይሰበስባል። ይህ ዕድገት ነው፥ የሚነቀፍም አይደለም፤ ሰው ማደሪያ፥ አገርም መገናኛ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በበዛ ቍጥር ታቦት የሚወጣበት ሜዳ እያነሰ ቢሄድ፥ በዓሉ ጣራ ሥር የሚቀር በዓል ይሆናል።

ይህም ሥጋት ባዶ ቃል አለመሆኑ በቅርቡ ታይቷል። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሰውን ከበሽታ ለመጠበቅ የተደረገ ስለ ሆነ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ሜዳው ለሕዝብ ሁሉ ነውና በጭንቅ ቀን ለሕዝቡ አገለገለ። ነገር ግን ወራት በወራት ላይ ሲጨመር ሣሩ ጠፋ፥ ጭቃና ቍሻሻ በዛ፤ ምእመናንም ታቦቱ በጥር ወዴት ይወርዳል ብለው ተጨነቁ። በመጨረሻ ነጋዴዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው ሜዳው ተጠርጎ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በዚያው ተከበረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ስም በመዝገብ ይጻፋል፥ በዓል ግን በመሬት ላይ ይቆማል። መዝገቡ ሳይፋቅ ሜዳው ሊጠፋ ይችላል።

ፈረሰኛውን በከተማ መካከል እንደ ቀድሞው መመለስ ዛሬ የሚቻል ነገር አይደለም፤ መኳንንቱም ዘመናቸው አልፏል፥ የፈረስም ጦርነት ቀርቷል። የሚቻለው ፈረሱ ያስተማረውን መያዝ ነው። ኃይል ያለው ሁሉ፥ ባለ ሥልጣንም ቢሆን ባለ ገንዘብ፥ ልጓም እንደሚያስፈልገው፤ ጠላትነት በጨዋታና በማዕድ ሊበርድ እንደሚችል፤ እግዚአብሔርም በግንብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሣርና በውኃ ዳር እንደሚመሰገን ነው። ይህን ትምህርት የሚቀጥል ትውልድ እንዲገኝ ልጆች ታቦቱን ተከትለው የሚሮጡበት ሰፊ ስፍራ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በየካም በቦሌም አዲስ ሰፈር የሚቀይስ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ቦታ ሲለይ ለጥምቀተ ባሕርም ሜዳ አብሮ መለየት ይገባዋል፤ ካህናትና ምእመናንም የተረፈውን መስክ ከበዓሉ ቀን በፊት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ሊጠብቁት ይገባል።