የፍሬን መዛል፦ ለአሮጌ ሞተር የፊት ፍሬን ከመለወጥ በፊት

ቁልቁለት ላይ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ፍሬን እየጋለ ሄዶ የመያዝ አቅሙን ለጊዜው ሲያጣ መሐንዲሶች «ብሬክ ፌድ» ይሉታል። በአማርኛ «የፍሬን መዛል» ብንለው ይስማማል። ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው «ፍሬኑ አልይዝ አለ» የሚለው ነው፤ ይህ ግን ገመድ ሲላላም፣ ሸራ ሲያልቅም፣ ውሃ ሲገባም የሚባል ስለሆነ መንስኤውን አይለይም። «መድከም» ብንለው ያለቀ ሸራ ያስመስለዋል፤ «መፍዘዝ» ደግሞ ለዓይንና ለቀለም ይቀርባል። የዛለ ክንድ ግን አልተሰበረም፤ ሲያርፍ ጉልበቱ ይመለሳል። የዛለ ፍሬንም ሲቀዘቅዝ እንደገና ይይዛል። አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ የፊት ፍሬንና ጎማ ለመለወጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ወጪ ዋጋ የሚኖረው ችግሩ መዛል ከሆነ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ልዩነቱን ለማየት ይመቻል። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባው አስፋልት ፍሬንን ብዙም አይፈትንም፤ ነጂው አልፎ አልፎ ይይዛል፣ በመሐሉ ንፋሱ ያበርደዋል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስቶ አባይን ለመሻገር 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሞተሩ፣ ነጂው፣ ከኋላ የተፈናጠጠው ሰውና ጭነቱ ተደምረው 250 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያን ያህል ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 2.45 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይኸው ሞተር ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ አንዴ ለመቆም ወደ ሙቀት የሚለውጠው ግን 35 ሺህ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን መውረድ ከ60 ላይ 70 ጊዜ እንደ መቆም ነው። ንፋሱና ሞተሩ ራሱ የሚቀንሱት ድርሻ አለ፤ የቀረው በሙሉ በፍሬኖቹ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሸጋገር፣ በደንብ የማቆም አቅም ያለውም ሸክሙን በብዛት መቀበል የሚችለውም የፊቱ ፍሬን ነው።

በየወረዳው ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤት ለዓመታት ያገለገሉት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና የቆዩት ዲቲ 125 ያሉ ሞተሮች የፊት ፍሬናቸው ታምቡር ነው። ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራ የለበሱ ጫማዎች ወደ ውጭ ተገፍተው የሚሽከረከረውን ብረት ከውስጥ ይይዛሉ። ሙቀቱ የሚፈጠረው ክዳኑ እንደተደፈነ ድስት በተዘጋ ቦታ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይወጣም። የጋለው ብረት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ነጂው መጭመቂያውን ወደ መሪው አብዝቶ ለመሳብ ይገደዳል። ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ በበኩሉ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ይለቅና ሸራው ከብረቱ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ይቀንሳል። በኋላ ሲፈታ ሸራው እንደ ተወለወለ ጠርሙስ ሲያብረቀርቅ ይገኛል። አደገኛው ነገር ሞተሩ ጋራዥ እስኪደርስ ሁሉም ነገር መቀዝቀዙ ነው፤ መካኒኩ ይሞክረዋል፣ ይይዛል፣ «ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከዚህ የከፋው መንገድ ላይ ገመዱን ማጥበቅ ነው፤ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠብ ጫማዎቹ ሳይነኩ ይይዙና ጎማው ይታነቃል።

የዲስክ ፍሬን ይህን ችግር በሁለት መንገድ ያቃልላል። ዲስኩ ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ሲግል ደግሞ የሚወፍረው ወደ ሸራዎቹ እንጂ ከእነሱ ርቆ አይደለም። ሆንዳ በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቢ 750ን ከፊት የዲስክ ፍሬን ጋር በብዛት አምርቶ ካቀረበ ወዲህ ትልልቅ ሞተሮች ታምቡርን ቀስ በቀስ ከፊት አስወግደዋል። በአሮጌ ሞተር ላይ ግን ዲስክ ብቻውን አይገጠምም፤ ታምቡሩ የጎማው እምብርት ራሱ ስለሆነ ፍሬኑ ሲለወጥ ጎማውም አብሮ ይለወጣል። ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጠው ካሊፐርም የፊት ሾኩ ላይ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ የአሮጌው ሾክ ይህ የለውም። በብየዳ ማሰሪያ መፍጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ ጠንካራ አያያዝ ላይ የሚመጣውን ጉልበት የሚሸከመው ያ ብየዳ ነውና። ስለዚህ የሚሻለው ከአዲስ ሞተር ሾኮቹን፣ ጎማውን፣ ዲስኩን፣ ካሊፐሩንና የፍሬን ማስተሩን አብሮ መውሰድ ነው። የመሪው ኩሽኔታ መጠን መገጣጠም አለበት። የጎማው ዲያሜትርም ይታያል፦ የገጠር መንገድ ሞተሮች የፊት ጎማ ብዙ ጊዜ 19 ወይም 21 ኢንች ስለሆነ በ17 ኢንች ቢተካ ሞተሩ ወደ ፊት ያዘቀዝቃል፣ አመራሩ ይለወጣል፣ ከድንጋይ የሚያድነው ከፍታም ይቀንሳል።

ለዚህ ሁሉ ተቃውሞ አይጠፋም፤ ሁሉም መሠረት የለሽ አይደለም። አንደኛው፣ ታምቡር ተዘግቶ ስለሚሠራ የክረምቱን ጭቃ ይችላል፣ የተበጠሰ ገመድም የትም ይቀጠላል፣ ዲስክ ግን ዘይትና ጎሚኒ ይፈልጋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ እንዲያውም ዲስክም ይዝላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በዶት 3 ደረጃ አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ለጠጣው የሚጠበቀው ወሰን ግን 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ መጭመቂያው ባዶውን ይሄዳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለማይቀይር ሰው ለውጡ መዛልን ከሸራ ወደ ዘይት ማዛወር ይሆንበታል። ሁለተኛው ተቃውሞ «በማርሽ ይዞ መውረድ ይበቃል» የሚለው ነው። እንደ ቦክሰር ላለ ባለ አራት ምት ሞተር ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ ኤጂ 100 እና የቆዩት ዲቲዎች ግን ባለ ሁለት ምት ናቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በማርሽ ሲያዝ ደካማ ነው፤ የሚቀባው ዘይት ከነዳጁ ጋር ስለሚገባም ነዳጁን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ መውረድ ፒስተኑን ለመንከስ ያጋልጠዋል። ሦስተኛው የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚለው ፍርሃት ነው። ኮረት ላይ ወይም ኩርባ ውስጥ በድንገት ከተያዘ ይጥላል። መፍትሔው ግን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ቀስ እያሉ መጭመቅን መልመድ ነው፤ የኋላውን ብቻ መያዝ እሱንም ቶሎ ያዝለዋል።

እንግዲህ ውሎው ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መካከል ለሆነ ሰው ሸራው በወቅቱ የተቀየረ፣ አቧራው የተጠረገ፣ ገመዱ የማይነክስ ታምቡር ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ለዲስክ ማውጣቱ ትርፍ ወጪ ነው። ጭኖ ወደ አባይ የሚመላለስ ሰው ግን መጀመሪያ ለታምቡሩ ጥራት ያለው ሸራ ያስገባ፣ ቁልቁለቱ መሐል ቆሞ ያብርድ፤ ይህ ካልበቃው ሙሉውን የፊት ክፍል መለወጥ ምክንያት አለው። መለያው ቀላል ነው፦ ቀዝቅዞም የማይዝ ፍሬን ጥገና ያስፈልገዋል፤ ሲቀዘቅዝ እየያዘ ሲግል የሚከዳ ፍሬን ግን በጥገና ብቻ አይድንም።