የቀድሞው የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ የመንገደኞች ባቡር

የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ የመንገደኞች ባቡር ከ1909 ዓ.ም. እስከ 2000 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች መካከል አገልግሎት ይሰጥ የነበረ ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር አካል ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር።

አመሠራረት

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ መጀመሪያ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ግን በቆላው ተዘረጋ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ስፍራ የዛሬዋ ድሬዳዋ ሆነ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሠፈሩ የሚጠራበት «ለገሐር» የሚለው ስም ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ጉዞው

ባቡሩ ከለገሐር ተነሥቶ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ፣ ከሚኤሶ በኋላ በአፍደም፣ በኤረርና በሁርሶ በኩል ድሬዳዋ ይገባ ነበር። የአውቶቡሱ መንገድ ግን ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጭሮ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ ለአፍደምና ለኤረር ባቡሩ ዋናው መገናኛ ነበር።

ችግሮች

በ1969 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋርጧል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡሩ በድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት የሚቆጠር ነው።

መቋረጡ

ሐዲዱና ባቡሮቹ አርጅተው ሳለ የጭነት መኪናዎች የወደብ ዕቃውን ከባቡሩ እየወሰዱ ሄዱ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም መስመሩን አላዳነውም። በ2000 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች ፊታቸውን ወደ አውቶቡስ አዞሩ፤ አውቶቡሱ የማያልፍባቸው የቆላ ጣቢያዎች ግን ዕለታዊ ገበያቸው ተቀዛቀዘ።

በምትኩ የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። አዲሱ መስመር ከቀድሞው የሚለይበት አንዱ ነገር መነሻው ነው፦ የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈረው በከተማዋ መሐል ካለው ለገሐር ሳይሆን በዳር ካለው የፉሪ–ለቡ ጣቢያ ነው።