የቤንዚን ማጽጃ ቅመም አመጣጥ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባለኢንጄክተር መኪና የገዙ ብዙ ሰዎች ሞተሩ አልነሣ እያለ፥ ከተነሣም በኋላ እየተርገፈገፈ አስቸገራቸው። ኢንጄክተሩ ተፈትቶ ሲታይ በጫፉ ላይ ቀጭን ቅርፊት ተጋግሮ ተገኘ። ካርቡራተር ይህን የመሰለውን እድፍ ይታገሥ ነበር፤ የኢንጄክተር ቀዳዳ ግን እጅግ ጠባብ በመሆኑ ጥቂቱም ያውከዋል።

ቅርፊቱ የሚጋገረው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ መዞሩን ሲያቆም የሞተሩ ግለት ወደ ኢንጄክተሩ ይዘልቃል፤ በጫፉ የቀረችውም የቤንዚን ጠብታ ትተንና ዝቃጯ ይደርቃል። ስለዚህ ይበልጥ የተጎዳው፥ ለአጭር አጭር ጉዳይ ሞተሩን ደጋግሞ የሚያስነሣና የሚያጠፋ ባለመኪና ነበር።

መድኃኒቱ የአሚን ወገን የሆነ የኬሚካል ቅመም ነው። አንደኛው ጫፉ ከእድፉ ጋር ሲጣበቅ፥ ሌላው ጫፉ በቤንዚን ይሟሟና እድፉን ነቅሎ ይወስደዋል። ቅመሙ በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ ሲቀርብም፥ ባለመኪናው ከነዳጁ ለመጣ ጉድለት ዳግመኛ ከኪሱ ከፈለ። ይህ ያልተገባ ሸክም የቀለለው የአሜሪካ መንግሥት ከ1995 ጀምሮ በቤንዚን ሁሉ ማጽጃ ቅመም እንዲጨመር ባስገደደ ጊዜ ነው፤ ሕጉን ያስወጣው ግን የአየር ንጽሕና ጉዳይ እንጂ የባለመኪናው አቤቱታ አልነበረም። በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ መጠን አይበቃም ያሉት ጄኔራል ሞተርስ፥ ቢኤምደብሊው፥ ሆንዳና ቶዮታ በ2004 ከፍ ያለ መለኪያ አወጡ።